በልጅነት ማዕዳችን ላይ እናት የት ነበረች?



በልጅነትዎ ከበሉት ምግብ ጣዕሙ እስካሁን ከአፍዎ ያልጠፋው የትኛው ነው? ትኩስ ቂጣ? የዒድ ዕለት ሥጋ? ወይስ አባትዎ ገበያ ይዘውዎት ሄደው የገዙልዎት ሳምቡሳ? መድኃኒት ሊወስዱ ወደ እኛ የሚመጡ እናቶችን አልፎ አልፎ ይህን እጠይቃቸዋለሁ። መልሳቸው ይለያያል፤ ፊታቸው ግን ሁሌም ይፈካል። ስለ ምግቡ ነግረውኝ ሲጨርሱ ሁለተኛ ጥያቄ አስከትላለሁ፦ «እናትዎስ የት ተቀምጠው ይበሉ ነበር?» እዚህ ላይ ብዙዎቹ ዝም ይላሉ። ትዝ አይላቸውምና።

ይህ ጥያቄ የጤና ጥያቄ ነው። ሰው ትልቅ ሆኖ የሚበላበት ልማድ በአብዛኛው የሚተከለው በልጅነቱ ነው። በዚህ ወር አምዳችን የልጅነት ማዕዳችንን መለስ ብለን እንድንመለከት እጋብዝዎታለሁ። የምናቆየው ብዙ ነው፤ የምናስተካክለውም አለ።

በቤታችን

ያደግሁት ቴፒ ነው። ዛሬ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል፣ በሸካ ዞን የምትገኘው ይህች ከተማ የቡናና የቅመማ ቅመም አገር ናት። ሸካቾው፣ ሸኮው፣ መዠንግሩ፣ ቤንቹና ከፊቾው ለሥራና ለንግድ ከየአገሩ ከመጣው ሕዝብ ጋር ተጎራብቶ ይኖርባታል። ስለዚህ በአንድ ቤት ትሪ ላይ የብዙ አገር ምግብ ይቀርባል፦ ጠዋት የተቀቀለ ጎደሬ፣ ቀን እንጀራ በሽሮ፣ ማታ ቆጮ በጎመን። ወጡ በኮረሪማና በጥምዝ ይሸታል። ጓሮው ደግሞ ሙዝ፣ ማንጎ፣ ፓፓያና አቮካዶ አያጣም።

ከዚያ ማዕድ የተማርነው ጥቂት አይደለም። ጎደሬ በደንብ ሳይበስል አይቀርብልንም ነበር። አያቴ «ጉሮሮ ይበላል» ትል ነበር፤ እውነቷን ነው። በጥሬ ጎደሬ ውስጥ መርፌ የመሰሉ ጥቃቅን የካልሲየም ኦክሳሌት ቅንጣቶች ስላሉ አፍና ጉሮሮን ያሳክካሉ፤ በደንብ ሲቀቀል ግን ጉዳቱ ይቀንሳል። ቆጮም ብቻውን አይበላም ነበር። ቆጮ ጉልበት ሰጪ ቢሆንም የፕሮቲን መጠኑ አነስተኛ ነው፤ ጎመን፣ አይብ ወይም ባቄላ ሲታከልበት ነው የተሟላ ምግብ የሚሆነው።

እጁን ያልታጠበ ልጅ ወደ ትሪው አይጠጋም። የመድረሳ ኡስታዛችን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በቤታቸው ያደገውን ትንሹን ዑመር ኢብን አቢ ሰለማን እጁ በሳህኑ ዙሪያ ሲዞር አይተው፣ የአላህን ስም እንዲያወሳ፣ በቀኝ እጁና ከፊት ለፊቱ እንዲበላ እንዳስተማሩት ነግረውን ነበር። ከፊት ለፊት መብላት አደብ ከመሆኑም በላይ ቀስ ብሎ የሚበላውን ታናሽ ድርሻ ያስከብራል። ገና ሁለት ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን የራሱ ትንሽ ሳህን ይሻለዋል፤ ምን ያህል እንደበላ በዓይን ይታያልና።

እናታችን በዚያ ትሪ ዙሪያ አልነበረችም። ወጥ ትጨምራለች፣ ውኃ ታቀርባለች፣ እየቆመች አንድ ሁለት ጉርሻ ትቀበላለች። ሁሉም ሲጠግብ የተረፈውን ጓዳ ውስጥ ትበላለች፤ ሥጋው ግን ያን ጊዜ አልቋል። ከዚያም እጇን ሳታደርቅ ቡና ማፍላት ነው።

ውጭ ስንበላ

ውጭ መብላት በእኛ ልጅነት ብርቅ ነበር። በገበያ ቀን አባታችን በሩ ላይ ጨረቃና ኮከብ ወደተሳለበት የሙስሊም ምግብ ቤት ይወስደናል። ፉል በዳቦ ይታዘዛል፤ ለሦስት ልጅ አንድ ሚሪንዳ ይከፈታል፤ ማን ስንት ጊዜ እንደተጎነጨ እንቆጣጠራለን። እዚያም እናታችን የለችም። በወረቀት የተጠቀለለ አንድ ሳምቡሳ ይዘንላት እንመጣለን፤ እሷም ለሦስት ቆርሳ መልሳ ለእኛ ትሰጠናለች።

ዛሬ ለብዙ ቤተሰብ ውጭ መብላት ብርቅ አይደለም፤ ለስላሳውም ለእያንዳንዱ ልጅ አንዳንድ ሆኗል። በአንድ 300 ሚሊ ሊትር የለስላሳ ጠርሙስ ውስጥ ወደ 30 ግራም የሚጠጋ ስኳር አለ፤ ሰባት የሻይ ማንኪያ ያህል ማለት ነው። ለአንድ ጠርሙስ ሦስት ሆነን የተሻማነው ገንዘብ አጥሮ ይሁን እንጂ ለጤናችን በጅቶን ነበር።

የደም ማነስና የእናት ድርሻ

እናት መጨረሻ ላይ መብላቷ ለምን ያሳስበናል? ሴት ልጅ በወር አበባ ምክንያት በየወሩ ደም ታጣለች። ስታረግዝ ደግሞ ለፅንሱም ለራሷም ደም መሥራት አለባት። ለዚህ የሚያስፈልገው አይረን የሚባለው ማዕድን በሥጋና በጉበት፣ እንዲሁም በምስር፣ በባቄላና በአረንጓዴ አትክልት ይገኛል። ቴፒን በመሰሉ ሞቃታማና ዝናባማ አገሮች ደግሞ ወባ አለ፤ ወባ ቀይ የደም ሴሎችን ያፈርሳል። በባዶ እግር ሲኬድ በቆዳ የሚገባ የአንጀት ትልም ደም ይመጥጣል። ወጪው ይህን ያህል ብዙ ሆኖ ሳለ የምትበላው ትርፍራፊ ከሆነ ውጤቱ የደም ማነስ ነው፦ ድካም፣ ማዞር፣ የልብ ምት መፍጠን፣ በወሊድ ጊዜ ለሚፈስ ደም አቅም ማጣት፣ ክብደቱ ያነሰ ልጅ መውለድ።

ቡናውና ሻዩስ?

ቡና አምራች አገር ተወልጄ ቡናን ልወቅስ አልችልም። የምናገረው ስለ ሰዓቱ ነው። በቡናና በሻይ ውስጥ ያሉ ንጥረ ነገሮች በምግቡ ውስጥ ያለውን አይረን አንጀት እንዳይወስደው ይይዙታል። በ1983 እ.ኤ.አ. በታተመ አንድ ጥናት በሥጋና በዳቦ ምግብ ላይ የተጠጣ አንድ ሲኒ ቡና ወደ ሰውነት የሚገባውን አይረን በ39 በመቶ፣ ሻይ ደግሞ በ64 በመቶ ቀንሶታል። ቡናው ከምግቡ አንድ ሰዓት ቀድሞ ሲጠጣ ጉዳት አልታየም፤ ከምግቡ አንድ ሰዓት በኋላ ሲጠጣ ግን ጉዳቱ አብሮ እንደተጠጣ ያህል ነበር።

እንግዲህ ያስቡት። እናት መጨረሻ ላይ ትበላለች፤ ያገኘችው ትንሽ ነው፤ በላዩ ላይ አቦሉን፣ ቶናውን፣ በረካውን ትጠጣለች። ከትንሹም ላይ ተቀነሰ ማለት ነው። በረካው ቀጭን ነው ተብሎ ለልጆች ይሰጥ የነበረውም፣ ዛሬ ልጆች በዳቦ የሚጠጡት ሻይም ከዚሁ ይቆጠራል።

በመድኃኒት ቤትም የሚገጥመን ይኸው ነው። ነፍሰ ጡር እናት በክትትል ጊዜ አይረን ከፎሊክ አሲድ ጋር ያለበት እንክብል ይሰጣታል። «እንዴት ይወስዱታል?» ስላቸው «ከቁርስ በኋላ በሻይ» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። እንክብሉ በውኃ ወይም በብርቱካን ጭማቂ እንጂ በሻይ፣ በቡና ወይም በወተት አይወሰድም። ሰገራን ቢያጠቁር አይደንግጡ፤ የመድኃኒቱ ባሕርይ ነው። ሆድ ካስቸገረ ከትንሽ ምግብ ጋር መውሰድ ይቻላል። ከረሜላ የሚመስል ስለሆነ ግን ልጆች ከማይደርሱበት ቦታ ያስቀምጡት፤ ትንሽ ልጅ ብዙ ፍሬ ቢውጥ ለሕይወቱ ያሰጋዋል።

ከዛሬ ጀምሮ

1. የእናትን ድርሻ ከሥጋውም ከወጡም አስቀድመው ያስቀምጡ። ከተቻለ ደግሞ ሁሉም ሳይቀመጥ መብላት አይጀመር። ውኃ ማቅረብና ወጥ መጨመር ልጆችም፣ አባትም ይችሉታል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በቤታቸው ቤተሰባቸውን ያገለግሉ እንደነበር እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) አስተላልፈውልናል። ሰው በሚስቱ አፍ የሚያደርገው ጉርሻ ሳይቀር ምንዳ እንዳለውም ለሰዕድ ኢብን አቢ ወቃስ (ረ.ዐ.) ነግረዋቸዋል።

2. ቡናና ሻይን ከምግብ ያራርቁ፤ ከምግብ አንድ ሰዓት በፊት ወይም ሁለት ሰዓት በኋላ ይሁን። ረፋድ ላይ ወይም ከዐስር በኋላ ጎረቤት ተጠራርቶ መጠጣት ወጉንም አያስቀር፣ ምግቡንም አይጎዳ።

3. በምስሩ ወይም በጎመኑ ላይ ሎሚ ይጭመቁ፤ ወይም ማንጎ፣ ፓፓያ፣ ብርቱካን አብረው ያቅርቡ። በውስጣቸው ያለው ቫይታሚን ሲ ከአትክልትና ከጥራጥሬ የሚገኘውን አይረን ሰውነት እንዲወስደው ይረዳል።

4. ለልጆች ከዳቦ ጋር ሻይ ከመስጠት ወተት ወይም ውኃ ይስጧቸው።

5. ውጭ ሲበሉ እናትም ትሂድ። ለስላሳውን ለሦስት ማካፈል የቀረ ልማድ ከሆነ እንመልሰው።

6. የሚደክማት፣ የሚያዞራት ወይም ዓይኗና ከንፈሯ የገረጣ እናት ወይም ልጅ ካለች ጤና ጣቢያ ሄዳ ደሟን ትታይ። ሳይመረመሩ እንክብል ገዝቶ መዋጥ ተገቢ አይደለም፤ ምክንያቱ ወባ ወይም የአንጀት ትል ከሆነ እሱም መታከም አለበት።

ዛሬ ትሪውን ከበው የተቀመጡት ልጆችዎ ነገ «እናታችሁስ የት ነበረች?» ተብለው ሲጠየቁ «አጠገባችን» እንዲሉ ለማድረግ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም፤ እርሷን ጠርቶ አጠገብ ማስቀመጥ ይበቃል። አላህ ማዕዳችንን በረካ ያድርግልን፤ ለእናቶቻችን ጤናን ይስጥልን። ወቢላሂ ተውፊቅ።