እንሰትና ሙዝ

በሐዋሳ ዙሪያ ባሉ የሲዳማ ቀበሌዎች እንሰት የቤት ምሰሶ ነው። ከጎኑም አንዳንዴ ሙዝ ይተከላል። ከሩቅ ላየው ሰው ሁለቱ አንድ ይመስላሉ። እንዲያውም ፈረንጆች እንሰትን «ሐሰተኛ ሙዝ» ይሉታል። እንሰት ግን ሐሰተኛ አይደለም፤ የራሱ ሙያ አለው።

የሚመሳሰሉት ዘመዳሞች ስለሆኑ ነው። የሁለቱም ግንድ እንጨት አይደለም፤ የቅጠሎቹ እግር ተደራርቦ የቆመ ነው እንጂ።

ታዲያ በምን ይለያያሉ? ከሙዝ የምንበላው ፍሬውን ነው። የእንሰት ፍሬ ግን ውስጡ በጠንካራ ዘር የተሞላ ነው። የእንሰት ምግብ ያለው በግንዱና ከመሬት በታች ነው። ግንዱ ተፍቆ ቆጮና ቡላ ይሆናል፤ አሚቾው ተቀቅሎ ይበላል። ሙዝ ከሥሩ ራሱ ልጆች ያወጣል። እንሰት ግን እንዲያ አያደርግም። ገበሬው የለጋውን እንሰት ግንድ ቆርጦ፣ የመሐሉን ቡቃያ አውጥቶ አሚቾውን ሲቀብረው ነው ብዙ ችግኝ የሚበቅለው።

ዘመዳሞች በሽታም ይጋራሉ። አጠውልግ የሚባለውን የእንሰት በሽታ የሚያመጣው በዓይን የማይታይ ባክቴሪያ ነው። ይህ በአገራችን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1968 ታትሞ ታወቀ። በ1974 ሙዝንም እንደሚይዝ ተገለጸ። በ2001 ደግሞ በዩጋንዳ የሙዝ እርሻ ላይ ታየ።

ምልክቱ እንዲህ ነው፦ ቅጠሉ ይገረጣል፣ ይጠወልጋል፣ ይታጠፋል። ግንዱ ሲቆረጥ ቢጫ የመሰለ ዝልግልግ ፈሳሽ ይወጣል። የታመመውን ተክል የሚያድን መድኃኒት የለም። መከላከል ግን ይቻላል። በሽታውን ከጓሮ ጓሮ የሚያዞረው ብዙ ጊዜ የገዛ ቢላዋችን ነው። ስለዚህ፦

1. የታመመውን ነቅለን እንቅበር፤ መንገድ ዳር አንጣል።
2. የቆረጥንበትን ቢላዋ በእሳት እናግለው ወይም በበረኪና እንጠበው።
3. ችግኝ ከታመመ ጓሮ አንውሰድ።
4. ከብት የታመመውን በልቶ ወደ ጤነኛው እንዳይገባ እንጠብቅ።
5. እንሰታችን ቢታመም ሙዛችንን፣ ሙዛችን ቢታመም እንሰታችንን እንመርምር።

አንድ ሰው ብቻውን ቢጠነቀቅ አይበቃም፤ ጎረቤትም አብሮ መጠንቀቅ አለበት።

እንወያይ፦ በቀበሌያችን ቢላዋ የሚዋዋሱ ቤቶች ስንት ናቸው? ከመዋዋሳቸው በፊት ምን ያደርጋሉ?