የሚያያችሁን ቅጠል ፈልጉ!

ልጆች፣ ዛሬ ማሌዥያ እንሂድ። ካሜሮን ሃይላንድስ ይባላል፤ የአፍሪካዋ ካሜሮን እንዳትመስላችሁ! ከባሕር ወለል ከ1,000 ሜትር በላይ የሆነ፣ ጉም የሚያለብሰው ደጋ ነው።

ጫካው ውስጥ የምንፈልገው ማንቲስን ነው። የፊት እግሮቹን አጥፎ ሲቆም የሚጸልይ ይመስላል። እሱ ግን አድፍጦ ምሳውን እየጠበቀ ነው!

ማግኘቱ ቀላል አይደለም። ኦርኪድ ማንቲስ የሚባለው ነጭ ወይም ሮዝ ነው፤ እግሮቹም የአበባ ቅጠል ይመስላሉ። ንብ አበባ መስሏት ስትጠጋ ላፍ ያደርጋታል። ሴቷ ወደ 6 ሴንቲ ሜትር ትደርሳለች፤ ወንዱ ግማሿን እንኳ አያክልም። ሌላው ዘመዱ ደግሞ ቁርጥ የደረቀ ቅጠል ነው።

ታዲያ ዘዴው ምንድን ነው? አትሩጡ። ማታ ከአባባ ወይም ከእማማ ጋር ባትሪ ይዛችሁ ቀስ በሉ። ነፋስ ሳይኖር የሚወዛወዝ፣ ጭንቅላቱን አዙሮ የሚያያችሁ «ቅጠል» ካለ፣ አገኛችሁት!

ስታገኙት ግን እዩት እንጂ አትውሰዱት። ስለሚያምር ብቻ ከጫካ እየለቀሙ የሚሸጡት አሉ። እሱ የሚያምረው ግን እዚያው ተደብቆ ሲኖር ነው።

ወላጆችም፣ በልጅነታችሁ ይህን ፍጥረት አይታችሁ ከሆነ በሰፈራችሁ ምን ትሉት እንደነበር ለልጆቻችሁ ንገሯቸው።