ዋጋው በእጅ ባይሆንም ጥራቱ በእጅ ነው

የወረባቡ ወረዳ ዋና ከተማ ከሆነችው ቢስቲማ ወደ ምሥራቅ ሲወረድ የሚገኘው ቆላማ አካባቢ እንደ ማሾ ላሉ ፈጥነው ለሚደርሱ ሰብሎች ይስማማል። ማሾ በብዛት ለውጭ ገበያ የሚቀርብ በመሆኑ ዋጋውን አርሶ አደሩም ሆነ ማኅበሩ አይወስኑትም። መንገዱም ሁልጊዜ አስተማማኝ አይደለም። በ2014 ዓ.ም ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ የአካባቢው ንግድ ተቋርጦ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ በሚገባ የደረቀ ምርት መንገድ እስኪከፈት ይቆያል፤ እርጥቡ ግን ይሻግታል፣ ይነቅዛል።

የጥራት ሥራ ከማሳ ይጀምራል። የማሾ ፍሬ በአንድ ጊዜ ስለማይደርስ የደረሰው እየተለየ ይለቀማል። የደረሰው ዝናብ ከመታው ቀለሙ ይበላሻል። በሸራ ላይ መውቃት ደግሞ ከአፈርና ከጠጠር ይጠብቀዋል።

ቀጣዩ የኅብረት ሥራ ማኅበሩ ድርሻ ነው። ማኅበሩ ሲረከብ እርጥበትና ንጽሕና ካልፈተሸ፣ ጥቂት እርጥብ ጆንያዎች የብዙ አባላትን ምርት ደረጃ ያወርዳሉ። በኢትዮጵያ ምርት ገበያ ደረጃ የሚሰጠው በናሙና ነውና ከተቀላቀለ በኋላ የማን ምርት እንደሆነ አይለይም። ንጹሑና ቆሻሻው በአንድ ዋጋ ከተገዛም፣ ዘንድሮ ለማበጠር የደከመ አርሶ አደር ለከርሞ አይደክምም።

ስለሆነም የወረዳ ግብርናና ኅብረት ሥራ ባለሙያዎች ክትትል ከመረከቢያው ሚዛን መጀመር ይኖርበታል፦ እርጥበት ተለክቶ፣ ምርቱ በየደረጃው ለብቻ ተከማችቶ፣ ክፍያውም እንደየጥራቱ ሲሆን ልፋቱ ዋጋ ያገኛል።