ጌጥ ወይስ ሸክም? በፈጣን የስፖርት መኪኖች ውስጥ የምቾት ስሌት

የጣሊያኑ ፌራሪ 40ኛ ዓመቱን ምክንያት በማድረግ እ.አ.አ በ1987 "ኤፍ 40" የተሰኘችውን መኪና ለዓለም አስተዋወቀ። በሰዓት ከ320 ኪሎ ሜትር በላይ የምትከንፍ፣ ዋጋዋም የማይቀመስ መኪና ነበረች። ወደ ውስጧ የገባ ሰው ግን ከወለሉ ላይ ምንጣፍ፣ ከፊት ለፊቱ ራዲዮ አያገኝም። በሯ ከውስጥ የሚከፈተውም በእጀታ ሳይኾን ገመድ በመሳብ ነው።

ይህን ያህል ገንዘብ የሚከፈልባት መኪና ስለምን እንዲህ ተራቆተች? ቢባል ምላሹ ክብደት ነው። መኪና ክብደቷ ሲጨምር ሞተሩ ለማስነሳት፣ ጎማው መታጠፊያ ላይ መንገዱን ቆንጥጦ ለመያዝ፣ ፍሬኑም ለማቆም በዚያው ልክ ይደክማሉ። ፍጥነቷ በእጥፍ ሲያድግ ደግሞ ፍሬኑ የሚቋቋመው የእንቅስቃሴ ጉልበት አራት እጥፍ ይኾናል።

የምቾት ዕቃዎች በተናጠል ሲታዩ ቀላል ናቸው። የቆዳ ልባሱ፣ የድምፅ ማጉያው፣ የጩኸት መከላከያ ንጣፉ፣ ወንበሩን የሚያንቀሳቅሱት ትንንሽ ሞተሮች እያንዳንዳቸው ጥቂት ኪሎ ቢመዝኑ ነው። "ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ" እንደሚባለው ግን መኪናዋ ሃምሳውንም ብቻዋን ትሸከማለች።

ምንጣፍ የተነፈጋት ኤፍ 40 ኾኖም አየር ማቀዝቀዣ ተገጥሞላታል። ሞተሯ ከአሽከርካሪው ጀርባ እየነደደ፣ የተዘጋው ጠባብ ክፍል በፍጥነት ይግላል። ቀዝቃዛውን አየር የሚያመነጨው ኮምፕሬሰር የሚዞረው በሞተሩ በመኾኑ ከጉልበቱ የተወሰነውን ይወስዳል። ይሁን እንጂ በሙቀት የዛለ፣ ላብ ዐይኑ ውስጥ የሚገባበት ሰው ፈጣን መኪናን በወጉ ሊነዳ አይችልም። እዚህ ላይ ምቾቱ ቅንጦት መኾኑ ቀርቶ የደኅንነት ጉዳይ ይኾናል።

ይህንኑ ስሌት በጥንቃቄ ከሠሩት መካከል ትውልደ ደቡብ አፍሪካዊው መሐንዲስ ጎርደን ሙሬይ ይጠቀሳሉ። እርሳቸው የነደፏትና እ.አ.አ በ1992 ይፋ የኾነችው የእንግሊዙ "ማክላረን ኤፍ 1" አሽከርካሪውን መሐል ላይ፣ ኹለት ተሳፋሪዎችን ደግሞ ከግራና ከቀኝ ታስቀምጣለች። አየር ማቀዝቀዣ፣ በልኳ የተሰፉ ሻንጣዎች እና ክብደቱ ኾን ተብሎ የተቀነሰ የሙዚቃ ማጫወቻ አሏት። መሪን የሚያቀልል እና ፍሬንን የሚያግዝ መሣሪያ ግን አልተገጠመላትም። 1 ሺህ 138 ኪሎ ግራም የምትመዝነው ይህች መኪና እ.አ.አ በ1998 ጀርመን ውስጥ በተደረገ ሙከራ በሰዓት 386 ኪሎ ሜትር ተመዝግቦላታል።

ተቃራኒውን መንገድ የመረጠው ቡጋቲ ነው። እ.አ.አ በ2005 ማምረት የጀመረው "ቬይሮን" ቅንጦቱን ሳይቀንስ ክብደቱን በጉልበት ለመርታት የተሠራ ነው። 1 ሺህ 1 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ተገጥሞለት በሰዓት ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ሮጧል። ክብደቱ ግን 1 ሺህ 900 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። ከማክላረኗ ጋር ያለው ልዩነት ከሰባት ኩንታል እህል ጭነት በላይ መኾኑ ነው። ለዚህም ዋጋ ይከፈላል፤ ሙቀቱን ለማብረድ 10 ራዲያተሮች አስፈልገዋል። በመጨረሻው ፍጥነት ሲነዳ ደግሞ 100 ሊትር ነዳጁ በ12 ደቂቃ ገደማ ያልቃል።

ምርጫውን ለገዥው የተወ አምራችም አለ። የጀርመኑ ፖርሽ እ.አ.አ በ2016 ያወጣው "911 አር" ክብደት ለመቀነስ ሲባል አየር ማቀዝቀዣውና ራዲዮው ወጥተውለታል። የፈለገ ገዥ ግን ያለተጨማሪ ክፍያ መልሶ ማስገጠም ይችል ነበር። ክፍያው በገንዘብ ሳይኾን በኪሎ ግራም ነበር ማለት ነው።

ከክብደት ሌላ የሚከፈል ዋጋም አለ፤ እርሱም የአሽከርካሪው ትኩረት ነው። በዘመናዊ መኪኖች ውስጥ ቀድሞ በእጅ ዳሰሳ ይገኙ የነበሩ ማብሪያና ማጥፊያዎች በመስታወት ሰሌዳ ላይ በሚነኩ ምስሎች ተተክተዋል። ምስልን ለመንካት ማየት ግድ ይላል። በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር የምትበር መኪና በአንድ ሰከንድ 83 ሜትር ያህል ትጓዛለች። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ማንኛውም ተሽከርካሪም በአንድ ሰከንድ 28 ሜትር ያህል ይሄዳል። ለኹለት ሰከንድ ዐይኑን ከመንገድ የነቀለ አሽከርካሪ ከ50 ሜትር በላይ ሳያይ ነዳ ማለት ነው።

አሽከርካሪውን ከድካም የሚጠብቅ፣ እጁንና ዐይኑን ከሥራው የማያናጥብ ምቾት ለክብደቱ የሚመጥን አገልግሎት ይሰጣል። ለዐይን ማረፊያ ብቻ የተጨመረው ግን መኪናዋ በሄደችበት ኹሉ የምትሸከመው ጭነት ነው።