ከፓኔሉ ጀርባ የተለጠፈው

ሶላር ፓኔል ጣሪያ ላይ ከታሰረ በኋላ ጀርባውን የሚያይ ሰው የለም። ፓኔሉን የሚተክለው ባለሙያ፣ ማለትም ገጣሚው፣ ማወቅ የሚገባው ነገር ግን በአብዛኛው የተጻፈው እዚያው ጀርባው ላይ፣ ከመዳፍ ብዙም በማይሰፋ ልጥፍ ላይ ነው። ገዢ ሱቅ ገብቶ «ስንት ዋት ነው?» ይላል፤ ሻጩ «አምስት መቶ ሃምሳ» ይለዋል፤ ከዚያ ወደ ዋጋ ክርክር ይገባሉ። ገጣሚ በዚህ አንድ ቁጥር ሥራ መጀመር አይችልም። ስንት ፓኔል በአንድ መስመር ደርድሮ እንደሚያያይዝ፣ ምን ያህል ፊውዝ እንደሚያስገባ፣ ፍሬሙን የት ላይ እንደሚይዘው የሚነግሩት ሌሎች ቁጥሮች ናቸው። ችግሩ እነዚህን ቁጥሮች አንዱ ፋብሪካ በአንድ መንገድ፣ ሌላው በሌላ መንገድ መጻፉ ነው።

መጀመሪያ ያን 550 ዋት እንየው። ፓኔሉ በየቀኑ 550 ዋት ይሰጣል ማለት አይደለም። በላቦራቶሪ ውስጥ በካሬ ሜትር 1000 ዋት ብርሃን ሲያርፍበት፣ ሴሉ ራሱ 25 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ሆኖ የተለካ ነው። ባለሙያዎች ይህን ሁኔታ ኤስቲሲ ይሉታል። እኩለ ቀን ላይ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የተኛ ፓኔል ግን ሴሉ ከ50 ዲግሪ በላይ መድረሱ የተለመደ ነው፤ ሲሞቅ ደግሞ ጉልበቱ ይቀንሳል። ታዲያ ማንም በማያገኘው ሁኔታ መለካት ምን ይጠቅማል? ሁሉም በአንድ ሚዛን ስለተመዘነ ይጠቅማል። የዚህን ፋብሪካ 550 ከዚያኛው ፋብሪካ 550 ጋር ማወዳደር የሚቻለው ሁለቱም 25 ዲግሪ ላይ ስለተለኩ ብቻ ነው።

ፋብሪካው ከፓኔሉ ጋር በሚያወጣው የመረጃ ወረቀት ላይ ወደ እውነተኛው ጣሪያ የሚቀርብ ሌላ ዓምድም አለ። ብርሃኑ በካሬ ሜትር 800 ዋት፣ አየሩ 20 ዲግሪ፣ ነፋሱ በሰከንድ 1 ሜትር ሲሆን የሚገኘውን ያሳያል። ያው ባለ 550 ዋት ፓኔል እዚህ ዓምድ ላይ 410 ዋት ገደማ ሆኖ ይገኛል። ይህኛው ዓምድ ራሱ ሁለት ስም አለው። ድሮ ኖክት ይባል የነበረው ፓኔሉ ምንም ሳይሠራበት የሚደርሰው ሙቀት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2016 በታደሰው አይኢሲ 61215 በሚባለው ዓለም አቀፍ መስፈርት ደግሞ ፓኔሉ ኃይል እየሰጠ ሳለ ወደሚለካው፣ ኤንኤምኦቲ ወደሚባለው ተቀየረ። ገበያ ላይ ሁለቱም አሉ። ልዩነታቸው ጥቂት ዲግሪ ስለሆነ ቤት አያፈርስም፤ ግን ሁለት ካታሎግ ጎን ለጎን አስቀምጦ የሚያነብ ሰው የሚያወዳድረው አንድ ነገር መስሎት ሁለት ነገር ያወዳድራል።

ቤት ሊያፈርስ የሚችለው ቮልቴጁ ነው። እዚህ ላይ ረጋ ብለን እንሂድ።

ገጣሚው ደብረ ብርሃን ላይ ይሠራል እንበል። በእጁ ሦስት ፓኔሎችና እስከ 150 ቮልት ብቻ የሚቀበል ቻርጅ ኮንትሮለር፣ ማለትም የባትሪውን አሞላል የሚቆጣጠር መሣሪያ፣ አሉ። ልጥፉ ላይ ቪኦሲ፣ ማለትም ምንም ጭነት በሌለበት የሚታየው ከፍተኛ ቮልቴጅ፣ 49.5 ይላል። ሦስቱ በተከታታይ ሲያያዙ 148.5 ይሆናሉ። ከ150 በታች ነው፤ ገጣሚው ደስ ብሎት ያስራል። የረሳው ነገር ግን 49.5 የተለካው 25 ዲግሪ ላይ መሆኑን ነው። ፓኔል ሲሞቅ ቮልቴጁ ይወርዳል፣ ሲቀዘቅዝ ይወጣል። በኅዳርና በታኅሣሥ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ፀሐይ ብቅ ስትል ውርጭ ያደረበት ሴል ገና 5 ዲግሪ ላይ ሊሆን ይችላል። ብርሃኑ ደካማ ቢሆንም ቮልቴጁ ወዲያው ይነሳል። የመረጃ ወረቀቱ ላይ «በየዲግሪው 0.28 በመቶ» የሚል ቁጥር ካለ የ20 ዲግሪ ልዩነት 5.6 በመቶ ይጨምራል። 148.5 የነበረው 156.8 ይሆናል። ኮንትሮለሩ ጠዋት በፀሐይ መውጫ ሊቃጠል ይችላል። ባለቤቱም ፓኔሉን፣ ኮንትሮለሩን ወይም ገጣሚውን ይረግማል። ያው ሥራ አፋር ላይ ቢሠራ ኖሮ ምናልባት ማንም ምንም ሳይሰማ ለዓመታት ይቆይ ነበር።

እንግዲህ ያ 0.28 የሚለው ቁጥር ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ከታየ፣ አጻጻፉ ለምን እንደሚያናድድ መረዳት አያስቸግርም። አንዱ ፋብሪካ በመቶኛ ይጽፈዋል። ሌላው በየዲግሪው 0.139 ቮልት ይላል። ሦስተኛው በሚሊቮልት 139 ብሎ ያስቀምጠዋል። ሦስቱም አንድ ነገር ናቸው። አንዳንዱ ስሙንም ትቶ በግሪክ ፊደል ብቻ ምልክት ያደርግበታል፤ ከላዩና ከታቹ ደግሞ የአምፒሩና የዋቱ የሙቀት ቁጥሮች ተደርድረዋል። ድካም ባለበት ሰዓት ዓይን አንድ መስመር ቢዘል የዋቱን ለቮልቱ ወስዶ ማስላት ይመጣል።

እኛ ይህን ዓይነት ግራ መጋባት በደንብ እናውቀዋለን። ከውጭ የመጣ ዘመድ «ነገ በ3 ሰዓት እንገናኝ» ሲባል መጀመሪያ የሚጠይቀው «በሀበሻ ነው በፈረንጅ?» ብሎ ነው። ቁጥሩ ትክክል ነው፤ መነሻው ካልታወቀ ግን አንዱ ጠዋት ሲጠብቅ ሌላው ከሰዓት በኋላ ይመጣል። ልዩነቱ ዘመድ ስልክ ደውሎ መጠየቅ መቻሉ ነው። ጣሪያ ላይ ያለ ገጣሚ ሻንጋይ ወይም ሌላ ቦታ ለሚገኝ ፋብሪካ ደውሎ «በየትኛው ነው የጻፋችሁት?» አይልም።

ሥርዓት የለም ማለት ግን አይደለም። አይኢሲ 61215 ፓኔሉ ዕድሜ እንዲኖረው የሚያልፋቸውን ፈተናዎች፣ አይኢሲ 61730 ደግሞ የደኅንነቱን ጉዳይ ይይዛሉ። አውሮፓውያን እ.ኤ.አ. በ2003 ኢኤን 50380 የሚባል ልጥፉንና የመረጃ ወረቀቱን ብቻ የሚመለከት መስፈርት አውጥተው በ2017 አድሰውታል። ልጥፍ ላይ የአምራቹ ስም፣ ሞዴሉና ሲሪያል ቁጥሩ፣ ዋቱ ከነልዩነቱ፣ ያለ ጭነት የሚታየው ቮልት፣ ሽቦው ሲነካካ የሚፈሰው አምፒር፣ ፓኔሉ የሚችለው የመስመር ቮልቴጅ እንዲኖሩ ይጠበቃል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን «ምን ይጻፍ» የሚለው ጥያቄ ከተመለሰ በኋላም «በምን ቃል ይጻፍ» የሚለው ይቀራል።

ለምሳሌ ነፋስ። ብዙ ካታሎግ ላይ 5400 እና 2400 ፓስካል የሚሉ ሁለት ቁጥሮች አሉ። የመጀመሪያው ከፊት የሚጫነው፣ በካሬ ሜትር 550 ኪሎ ገደማ ማለት ነው፤ ሁለተኛው ከጀርባ የሚገፋው፣ ለእኛ አገር ጣሪያ ይበልጥ የሚያሳስበው። ሁለቱ ቁጥሮች ብዙ ጊዜ ፈተናው ላይ የተጫነው ክብደት ናቸው። ለሥራ የሚፈቀደው ግን ያ ለ1.5 ተካፍሎ 3600 እና 1600 ነው። አንዱ ካታሎግ የመጀመሪያውን ጥንድ፣ ሌላው ሁለተኛውን ጥንድ «ጭነት» ብሎ ይጽፋል። የትኛው እንደሆነ በትንሽ ፊደል ከግርጌ ካልተገለጸ 5400 የጻፈው ፓኔል ጠንካራ፣ 3600 የጻፈው ደካማ ይመስላል። ሁለቱ እኩል ሊሆኑ ይችላሉ። እንዲያውም ሐቀኛው በገበያ ላይ ይቀጣል።

ኮኔክተሩም የራሱ ጣጣ አለው። ሁሉም «ኤምሲ4» የሚለው ነገር በመነሻው ሙልቲ-ኮንታክት የተባለ የስዊዘርላንድ ኩባንያ ምርት ስም ነው፤ ኩባንያው ዛሬ በሽቶይብሊ ሥር ነው። የሌሎች አምራቾች መሰኪያ «ከኤምሲ4 ጋር የሚገጥም» ተብሎ ይሸጣል። ሲሰኩት ቀጭ ይላል፤ ይያዛል። ግን በውስጡ ያለው ብረትና ልባጡ፣ የውፍረቱም ልክ አንድ ስላልሆነ ከጊዜ ጋር ንክኪው ይላላል፣ ይሞቃል፣ አንዳንዴም ይቀልጣል። ስለዚህ የተከላ መስፈርቶች የሚሰካኩት ሁለቱ ጫፎች ከአንድ አምራችና ከአንድ ዓይነት እንዲሆኑ ይጠይቃሉ። የመረጃ ወረቀቱ «ኤምሲ4 ኮምፓቲብል» ብቻ ካለ ገጣሚው የየትኛውን አምራች ጫፍ እንደሚገዛ አያውቅም። አንድ የአምራች ስምና የሞዴል ቁጥር ቢጻፍ ጉዳዩ ያልቅ ነበር።

ወረቀቱ ፒዲኤፍ መሆኑ ደግሞ ሌላ ሥራ ይፈጥራል። ዲዛይን የሚሠራው ባለሙያ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ አንብቦ ወደ ኮምፒውተር ፕሮግራም ይገለብጣቸዋል፤ ፈቃድ የሚሰጠው መሥሪያ ቤት እንደገና ይገለብጣቸዋል፤ ባንኩና ኢንሹራንሱም እንዲሁ። ይህ በተለይ አሜሪካ ላይ ጎልቶ ይታያል፤ እዚያ የአንድ መኖሪያ ቤት ሶላር ዋጋ ከግማሽ በላይ የሚሄደው ለፓኔልና ለኢንቨርተር ሳይሆን ለወረቀት፣ ለፈቃድ፣ ለሽያጭና ለመሳሰለው ነው። የካሊፎርኒያ የኢነርጂ ኮሚሽን የተፈተሹ ፓኔሎችንና ኢንቨርተሮችን ከነቁጥራቸው በአንድ ዝርዝር ለሕዝብ ያወጣል። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ በአገሪቱ የኢነርጂ መሥሪያ ቤት ድጋፍ «ኦሬንጅ በተን» የተባለ ሥራ ተጀመረ፤ የሚመራው ሰንስፔክ አሊያንስ የሚባል የዘርፉ ማኅበር ነው። ስሙ ብርቱካንማ ቁልፍ ማለት ቢሆንም የሚጫን ቁልፍ የለውም። መዝገበ ቃላት ነው። ለእያንዳንዱ ነገር አንድ ስም፣ አንድ መለኪያ፣ አንድ ፍቺ ይሰጣል፤ ኮምፒውተር ለኮምፒውተር ሲያስተላልፍ «0.28 የምኑ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ እንዳይኖር። የሚያጓጓ ሥራ አይደለም፤ ሰዎች ተቀምጠው «የፓኔል ርዝመት» ሲባል ፍሬሙን ይጨምራል አይጨምርም ብለው የሚከራከሩበት ነው። ጣሪያ ላይ ብረት ቆርጦ ሁለት ሴንቲሜትር ያጠረበት ሰው ግን ክርክሩን ያመሰግናል።

ወደ እኛ ገበያ ስንመለስ ነገሩ ሁለት መልክ አለው። በካርቶን ታሽገው ለሚመጡ፣ እስከ 350 ዋት ለሚደርሱ የመብራትና የቤት ኪቶች በዓለም ባንክ ቡድን «ላይቲንግ ግሎባል» የተጀመረውና እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ ቬራሶል የሚባለው የጥራት ማረጋገጫ አለ። ከሚፈትሻቸው ነገሮች አንዱ ማሸጊያው ላይ የተጻፈው እውነት መሆኑን ነው። መርካቶ ላይ በነጠላ የሚሸጠው ትልቅ ፓኔል ግን የዚህ አካል አይደለም። እሱን በአብዛኛው የሚጠብቀው ልጥፉ ነው፤ ልጥፍ ደግሞ ማንም ማተም ይችላል።

ሆኖም መረጃው በአንድ ዓይነት መንገድ መጻፉ ተራ ገዢንም ያስታጥቃል፤ ቁጥሮቹ እርስ በርስ ስለሚመሰካከሩ። ልጥፉ ላይ በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ የሚሰጠው ቮልትና አምፒር አለ፤ ሁለቱን በስልክ ካልኩሌተር ማባዛት ነው። 41.5 ቮልት በ13.25 አምፒር ሲባዛ 550 ዋት ይሰጣል፤ ትክክል ነው። 18 ቮልትና 5 አምፒር ተጽፎበት 150 ዋት የሚል ፓኔል ግን 90 ዋት ነው፤ ልጥፉ ራሱ መስክሮበታል። ሁለተኛው መንገድ በሜትር መለካት ነው። ርዝመቱ 2.28 ሜትር፣ ስፋቱ 1.13 ሜትር የሆነ ፓኔል 2.58 ካሬ ሜትር ገደማ ነው፤ በኤስቲሲ ወደ 2580 ዋት ብርሃን ያርፍበታል፤ 550ው የዚያ 21 በመቶ ነው፤ ለዛሬ ፓኔል የተለመደ ነው። ስፋቱ ጠቅላላ 1.6 ካሬ ሜትር ሆኖ 550 ዋት የሚል ካገኙ ግን ከብርሃኑ 34 በመቶውን እየለወጠ ነው ማለት ነው። እንዲህ ያለ የሲሊከን ፓኔል ገበያ ላይ የለም። ሻጩ «አዲስ ቴክኖሎጂ ነው» ሊል ይችላል፤ ምላሹን ለአንባቢ እተዋለሁ።

ለገጣሚ ደግሞ አንድ የእጅ ሥራ አለ። ፓኔሉ ወደ ጣሪያ ከመውጣቱ በፊት መሬት ላይ ተገልብጦ ልጥፉ ፎቶ ይነሳ፤ የእያንዳንዱ ለብቻ፣ ሲሪያል ቁጥሩ እስኪነበብ ድረስ ተጠግቶ። ሻጩም የዚያኑ ሞዴል ሙሉ የመረጃ ወረቀት ይስጥ፤ የወንድሙን አይደለም፣ ምክንያቱም አንድ ፋብሪካ በአንድ ፊደል ልዩነት ብቻ አምስት ዓይነት ፓኔል ያወጣል። ፎቶውና ወረቀቱ ለቤቱ ባለቤት በስልኩ ይላኩለት። ከሦስት ዓመት በኋላ አንዱ ፓኔል ደክሞ ተተኪ ሲፈለግ ወይም ዋስትና ሲጠየቅ፣ ለማንበብ ሲባል ብሎን የሚፈታ አይኖርም።