የልጅ እንቅልፍ ከጠዋት ይጀምራል

በከተማችን በደብረ ታቦር ፀሐይ የምትወጣው ዓመቱን ሙሉ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። በዓመቱ አጭር ቀንና በረጅሙ ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ተኩል አይሞላም። ለንደን የምትኖር ሐበሻ እናት ግን ሰኔ ላይ ልጇን ለማስተኛት መስኮቷን በወፍራም መጋረጃ መድፈን አለባት፤ እዚያ በዚያ ወር ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 3 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነውና።

ይህን ያነሣሁት በምክንያት ነው። አዋላጅ ነርስ ነኝ፤ የሁለት ልጆች እናትም ነኝ። ልጅ ለማስከተብ የሚመጡ ወጣት እናቶች ስልካቸው ላይ ያለውን የእንቅልፍ ሰንጠረዥ እያሳዩኝ "ልጄ ከዚህ ጋር አልገጥም አለ፤ ምን ሆኖብኝ ነው?" ይሉኛል። ልጁ ምንም አልሆነም። ሰንጠረዡ የተሠራው ለሌላ አገር ብርሃን፣ ለሌላ ዓይነት ቤት፣ ለሌላ የእራት ሰዓት ነው።

የማምንበትን አስቀድሜ ልናገር። ልጇ በሰዓቱ እንዲተኛላት የምትፈልግ እናት መጀመሪያ መያዝ ያለባት የጠዋቱን ሰዓት ነው። በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ተነሥቶ የጠዋት ብርሃን ያየ ልጅ ማታም በተመሳሳይ ሰዓት ዓይኑ ይከብዳል። በአካላችን ውስጥ የእንቅልፍንና የንቃትን ጊዜ የሚያስተካክለው ከሁሉ በላይ ብርሃን ነው። ክረምት ላይ የጉና ተራራ በጉም ተሸፍኖ ፀሐይ ባትታይ እንኳ የደጁ ብርሃን ከቤት ውስጡ አምፖል እጅግ ይበልጣል። ስለዚህ ልጁን አቅፎ በረንዳ ላይ ወይም ደጃፍ ላይ መቀመጥ ይበቃል።

ከአራስ ቤት ልጀምር። አዲስ የተወለደ ሕፃን ቀንና ሌሊትን አይለይም። ሲመሽ የሚመነጨውን ሜላቶኒን የተባለ ሆርሞን አካሉ በራሱ ጊዜ ጠብቆ ማመንጨት የሚጀምረው ሁለትና ሦስት ወር ሲሞላው ገደማ ነው። እስከዚያ ሆዱ ትንሽ ስለሆነ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይጠባል፤ ሌሊትም መጥባት አለበት። ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ክርስትና እስኪነሡ ድረስ ስለ እንቅልፍ ሥርዓት ማሰብ ከንቱ ድካም ነው። ሴቷ ክርስትና በምትነሣበት ጊዜ ግን አካሏ ቀንና ሌሊትን መለየት ጀምሯል።

በዚህ ጊዜ ማድረግ የምንችለው አንድ ነገር አለ። አራስ ቤታችን ጨለማ ነው። አራሷን ምች እንዳይመታት፣ ብርድ እንዳይገባት፣ የሰው ዓይን እንዳያርፍባት ተብሎ በሩ ይዘጋል፣ መስኮቱ ይደፈናል። ማታ ደግሞ ጠያቂው ይበዛል፤ መብራቱ ይበራል፣ ቡናው ይፈላል፣ ገንፎው ይገነፋል፣ ጨዋታው ይደምቃል። ሕፃኑ ቀኑን በጨለማ፣ ምሽቱን በብርሃንና በድምፅ መካከል ያሳልፋል። ከዚያ "ቀንና ሌሊት ተገላበጠበት" እንላለን። ከእናትሽ ወይም ከአማትሽ ጋር መጣላት አያስፈልግም። አራሷ እዚያው ተከልላ ትተኛ፤ ልጁን ግን ቀን ቀን አያቱ አቅፋ ብርሃን ወዳለበት ትውሰደው። ጠዋት ፀሐይ ማሞቁ ለአጥንቱም ስለሚበጅ ሁለት ጥቅም አለው። ሌሊት ሲጠባ ደግሞ መብራቱ ደብዘዝ ይበል፣ ወሬም አይኑር። በሌሊት የሚጠባው የጡት ወተት ውስጥ ሜላቶኒን ስላለ ወተቱ ራሱ ያግዛል።

ቡናን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። ካፌይን በጡት ወተት ወደ ልጁ ያልፋል፤ አዲስ የተወለደ ሕፃን አካል ደግሞ ካፌይንን የሚያስወግደው በቀናት እንጂ በሰዓታት አይደለም። ቡና ክልክል ነው አላልኩም። የምታጠባ እናት አቦል፣ ቶና፣ በረካ እየተባለ ማታ ማታ የሚጠጣውን ወደ ጠዋት አምጥታ አንድ ሲኒ ላይ ብታቆመው ለሁለቱም ይሻላል።

"የኔ ልጅ ስድስት ወር ሞልቶት ለምን ሌሊቱን በሙሉ አይተኛም?" የሚለው ጥያቄ ብዙ እናቶችን ያስጨንቃል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ቻርልስ ሱፐርና ሳራ ሃርክነስ የተባሉ ባልና ሚስት ተመራማሪዎች ኬንያ ውስጥ በኪፕሲጊስ ገበሬዎች መካከል ተቀምጠው የሕፃናትን እንቅልፍ አጥንተው ነበር። አሜሪካ ውስጥ የ4 ወር ሕፃናት ሌሊት እስከ 8 ሰዓት ገደማ ሳይነቁ ሲተኙ፣ ከእናታቸው ጎን የሚያድሩትና ቀን በጀርባ የሚታዘሉት የኪፕሲጊስ ሕፃናት በአንድ ጊዜ የሚተኙት ግማሹን ያህል ብቻ ነበር። ደህና ልጆች ነበሩ። የእኛ የፋርጣ፣ የእስቴና የጋይንት እናቶች ኑሮ ለየትኛው እንደሚቀርብ መናገር አያስፈልገኝም። ሌሊት ነቅቶ ጡት ፈልጎ መልሶ የሚተኛ ልጅ አልታመመም።

የሚያስፈልገው ጠቅላላ የእንቅልፍ መጠን ግን መሙላት አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ መሠረት፣ የቀኑም የሌሊቱም ተደምሮ፣ እስከ 3 ወር ያለ ሕፃን ከ14 እስከ 17 ሰዓት፣ ከ4 እስከ 11 ወር ያለው ከ12 እስከ 16፣ የ1 እና የ2 ዓመት ልጅ ከ11 እስከ 14፣ የ3 እና የ4 ዓመት ልጅ ደግሞ ከ10 እስከ 13 ሰዓት መተኛት አለበት። እዚያው መመሪያ ላይ ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጅ ስልክና ቴሌቪዥን ፊት ባይቀመጥ ይመረጣል ይላል። ልጅን ለማስተኛት ዩቲዩብ መክፈት በከተማችን ቤቶች እየተለመደ መጥቷል፤ እባካችሁ ተዉት።

አሁን ወደ ዋናው የእኛ ችግር ልምጣ። ከተማም ሆነ ገጠር፣ በእኛ ቤት ልጅ የሚተኛው እራት ሲደርስ ነው። እናት ከማሳ ወይም ከሥራ ትገባለች፣ ውኃ ትቀዳለች፣ እሳት ታነዳለች፣ ወጥ ትሠራለች፤ እራት ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ወይም 3 ሰዓት ይሆናል። የሁለትና የሦስት ዓመቱ ልጅ ግን 1 ሰዓት ላይ ዓይኑ ተከድኗል። ከዚያ ሁለት ነገር ይሆናል፦ ወይ ሳይበላ ያድራል፣ ወይ ከእንቅልፉ ተቀስቅሶ እያለቀሰ ይጎርሳል፤ የተቀሰቀሰውም እስከ 5 ሰዓት አይተኛም። ይህን የማነሣው ለእንቅልፍ ብቻ ብዬ አይደለም። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ በአማራ ክልል ከ5 ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 46 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ። የመቀንጨር ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ሆኖም ሳይበላ የሚያድር ልጅ ያለበት ቤት አንዱን ምክንያት በራሱ እጅ ሊያስወግድ ይችላል።

ስለዚህ የልጅ እራት ከአዋቂ እራት ይለይ። 12 ሰዓት ላይ፣ ገና ወጡ ሳይጣድ፣ ከምሳ የተቀመጠ ፍትፍት በደንብ ሞቆ፣ የተቀቀለ ድንች በዘይት ወይም በቅቤ ተድጦ፣ የገብስ ገንፎ ወይም እንቁላል ይሰጠው። ድንችና ገብስ በጉና ዙሪያ የማይገኝበት ቤት የለም። "አባቱ ሳይቀርብ ልጁ ይቀድማል ወይ?" የምትሉ አላችሁ። ልጅ ይቅደም። ትልልቆቹ በኋላ ሲበሉ ልጁ ተኝቷል፣ እናትም ረጋ ብላ ትጎርሳለች።

ከልጅ እራት በኋላ እስከ እንቅልፍ ያለው ጊዜ በየማታው አንድ ዓይነት መሆን አለበት። ፊቱንና እግሩን በለብ ያለ ውኃ ማጠብ፣ ቅባት መቀባት፣ ደረቅ ልብስ ማልበስ፣ ማጥባት፣ እሹሩሩ ማለት፣ መደቡ ላይ ማስተኛት። በ2001 ዓ.ም. አሜሪካ ውስጥ 405 እናቶች የተሳተፉበት ጥናት ታትሞ ነበር፤ በየማታው ተመሳሳይ ቅደም ተከተል ለሁለት ሳምንት ብቻ የተከተሉ እናቶች ልጆች ቶሎ ተኝተዋል፣ ሌሊትም የሚነቁት ቀንሷል፣ የእናቶቹም መንፈስ ተሻሽሏል። አያቶቻችን ይህን ያለ ጥናት ያደርጉት ነበር። ከ4 ወር በኋላ አንድ ነገር ልመዱ፦ ዓይኑ ከበድ ሲል፣ ፈጽሞ ሳያንቀላፋ አስተኙት። በእቅፍ ብቻ የሚያንቀላፋ ልጅ ሌሊት በነቃ ቁጥር እቅፉን ይፈልጋል። ሌሊት ሲያቃስት ወይም ሲንፈራገጥም ወዲያው አታንሡት። የሕፃን እንቅልፍ ግማሹ ገደማ ቀላል እንቅልፍ ነው፤ ተኝቶ እያለ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅም ያሰማል። በጥድፊያ ያነሣው ሰው ነው ብዙ ጊዜ የሚያነቃው። ብቻውን ክፍል ዘግቶ እያለቀሰ ይተኛ የሚለውን የውጭ ምክር ግን አልቀበለውም። ቤታችን አንድ ክፍል ነው፤ ልጅ ሲያለቅስ ጎረቤት "ምን ሆነ?" ብሎ የሚመጣበት አገር ነው፤ ይህም ደግ ነገር ነው።

የቀን እንቅልፍ በአንቀልባ ቢሆን በነጠላ፣ በጀርባ ላይ ቢሆን በመደብ፣ ሁሉም ይቆጠራል። በስድስተኛው ወር ገደማ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ፣ ዓመት ተኩል ሲሆነው አንድ ጊዜ ይበቃዋል። ከ10 ሰዓት በኋላ ረጅም እንቅልፍ ከወሰደው ግን ማታ አስቸጋሪ ነው። በጀርባ ስታዝሉት አፍና አፍንጫው እንዳይታፈን ፊቱ ወደ ጎን ይሁን።

እሑድ ለቅዳሴ በሌሊት ስትነሡ ወይም ለማቁረብ ልጁን ይዛችሁ ስትሄዱ ሥርዓቱ ይዛባል። አይክፋችሁ። በማግስቱ ጠዋት በተለመደው ሰዓት ይነሣ፤ በአንድ በሁለት ቀን ይመለሳል። በተኩስ ድምፅ ደንግጦ ለነቃ ልጅም እንዲሁ ነው። በጦርነቱ ጊዜ፣ በነሐሴ 2013 ዓ.ም.፣ ከባድ መሣሪያ ከተማችን ላይ ከወደቀ ወዲህ እንዲህ ያሉ ልጆችን ብዙ አይቻለሁ። በጩኸቱ አትቆጡት፤ አቅፉት፣ አጠገባችሁ ይተኛ። ማታ የምታደርጉለትን ቅደም ተከተል ግን አታቋርጡ፤ የሚያረጋጋው እሱ ነው።

ስለ ደኅንነቱ አጥብቄ የምለው አለኝ። ሕፃን በጀርባው ይተኛ። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ በዚህ ምክር ላይ ዘመቻ ተደርጎ በእንቅልፍ ላይ በድንገት የሚሞቱ ሕፃናት ቁጥር በግማሽ ገደማ ቀንሷል። ፊቱን በሻሽ፣ በነጠላ ወይም በጋቢ አትሸፍኑ። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱ ያንዘፈዝፋል፤ ግን ከከባድ ብርድ ልብስ ይልቅ ልብስ ደራርቦ ማልበስ ይሻላል። መሞቁን በደረቱና በማጅራቱ እንጂ በእጁ አትለኩ፤ የሕፃን እጅ ብዙ ጊዜ ቀዝቃዛ ነው። ከሰል ተያይዞ በሩ ተዘግቶ አይታደር፤ የከሰሉ ጋዝ ሽታ የለውም፣ ቤተሰብ በሙሉ ይገድላል። ሕፃኑ የተለየ መኝታ ቢኖረው ይመረጣል፤ ካልተቻለ ደግሞ ጠላ ወይም አረቄ የጠጣ ሰው አጠገቡ አይተኛ፣ በሁለት ሰው መካከልም አይሁን።

እንዲተኛ ብላችሁ የጉንፋን ወይም የሳል ሽሮፕ አትስጡት፤ ትንፋሹን ሊያዳክም ይችላል። ሌሊት ስላለቀሰ እንጥል ማስቆረጥ፣ ግግ ማስወጣት ደም መፍሰስና መመረዝ ያመጣል እንጂ እንቅልፍ አያመጣም። ከመደቡ ላይ ቁንጫና ትኋን እንዳለ ግን እዩ፤ ብዙ "ምክንያት የሌለው" ልቅሶ ከዚያ ነው። በየሌሊቱ የሚያንኮራፋና ትንፋሹ የሚቆራረጥ ልጅ ካለ ቶንሲሉን ሐኪም ይየው።

ጡት አልይዝ ወይም አልጠጣ ያለ፣ የገባውን ሁሉ የሚያስመልስ፣ ያንቀጠቀጠው፣ ወይም ስትቀሰቅሱት የማይነቃ ልጅ ግን እንቅልፍ ይዞት አይደለም። ይንጋና እንሄዳለን አትበሉ፤ በዚያው ሌሊት በቅርብ ወዳለው ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ውሰዱት።