አንጎል «በቃ!» ሲል

በቀትር ሐሩር ኳስ የሚጫወት ወጣት በላብ ታጥቦ፣ እግሩን እየጎተተ ሲመጣ ብናይ «ደከመው» ብለን እናልፋለን። በዚያች ሰዓት በጭንቅላቱ ውስጥ የሚካሄደውን ግን ብዙዎቻችን አናስተውለውም።

ጡንቻ ከሚያቃጥለው ኃይል ለእንቅስቃሴ የሚያውለው ሩቡን ያህል ብቻ ነው። የተቀረው ወደ ሙቀት ይለወጣል። ይህ ሙቀት መውጫ ቢያጣ በብርቱ የሚሮጥ ሰው ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው ለአደጋ በተጋለጠ ነበር። ይህን የሚጠብቀው በአንጎላችን ሥር የሚገኘው ሃይፖታላመስ የተባለ ትንሽ ክፍል ነው። በውስጡ ያሉት ነርቮች የደሙን ሙቀት ይለካሉ፤ ከቆዳም ወሬ በሕብለ ሰረሰር በኩል ይደርሳቸዋል። ሙቀቱ ከ37 ዲግሪ ገደማ ከፍ ሲል ከቆዳ ሥር ያሉት የደም ሥሮች እንዲሰፉ፣ ከ2 ሚሊዮን የማያንሱት የላብ ዕጢዎችም ሥራ እንዲጀምሩ ትእዛዝ ይወጣል። አንድ ሊትር ላብ ሲተን 580 ኪሎ ካሎሪ ያህል ሙቀት ይዞ ይሄዳል። «ሲተን» ማለታችንን ልብ ይሏል፤ ጠብ ጠብ ብሎ መሬት የወረደ ላብ ብዙም አያቀዘቅዝም። ውፍረት ለመቀነስ ብለው ላስቲክ ለብሰው የሚሮጡ ሰዎች የሚዘጉት ይህንኑ በር ነው።

ይህ ሁሉ ካልበቃስ? ያን ጊዜ አንጎል ለጡንቻ የሚልከውን ትእዛዝ ያዳክማል። እግር ይከብዳል፤ ልብ ጥላ ይመኛል። በ1999 (እ.ኤ.አ.) በታተመ አንድ ጥናት ብስክሌተኞች በተለያየ የሰውነት ሙቀት ጀምረው በሐሩር እንዲነዱ ተደርጎ ነበር። ሁሉም ከአቅማቸው በላይ ሆኖባቸው ያቆሙት የውስጥ ሙቀታቸው 40 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ነው።

ይህን ምልክት ማፈን ምን እንደሚያስከትል እንግሊዛዊው ብስክሌተኛ ቶም ሲምፕሰን ምሳሌ ነው። በ1967 (እ.ኤ.አ.) በቱር ደ ፍራንስ ውድድር፣ በኃይለኛ ሙቀት የሞን ቫንቱን ተራራ ሲወጣ ወድቆ በ29 ዓመቱ ሞተ። አስከሬኑ ሲመረመር አምፌታሚን የተባለው አነቃቂ መድኃኒት ተገኘበት። በ2005 የታተመ ሌላ ጥናትም ነገሩን ያብራራል። ዶፓሚንን የመሳሰሉ የአንጎል መልእክተኞችን የሚያበረታ መድኃኒት የወሰዱ ብስክሌተኞች በ30 ዲግሪ ሙቀት ከወትሮው ፈጥነው ጨረሱ። የውስጥ ሙቀታቸው ይበልጥ ሲጨምር የሙቀትና የድካም ስሜታቸው ግን አልጨመረም። እሳቱ እየነደደ ደወሉ ዝም አለ ማለት ነው።

ይህን የምናነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። በጫት ውስጥ ያለው፣ በ1975 በተባበሩት መንግሥታት ላቦራቶሪ ተለይቶ የታወቀው ካቲኖን የአምፌታሚን የቅርብ ዘመድ ነው። የልብ ምትን ያፋጥናል፤ የሰውነትን ሙቀት ከፍ ያደርጋል፤ ድካምን ያስረሳል። ከዙህር በኋላ ቅመው፣ ምርቃናው ሳይለቃቸው ኳስ ሜዳ የሚወርዱ ወንድሞቻችን «ዛሬ ጉልበት አለኝ» ሲሉ እንሰማለን። ጉልበቱ የመጣው ከየት እንደሆነ ቢጠይቁ ደግ ነበር።

በሜዳ ላይ አንዱ ቢንገዳገድ፣ ንግግሩ ቢዘባረቅ ወይም ራሱን ቢስት ጊዜ አይሰጥም። ወደ ጥላ ወስዶ ልብሱን ማላላት፣ መላ አካሉን በቀዝቃዛ ውሃ እያራሱ ማራገብ፣ ገንዳ ካለም እስከ አንገቱ መንከር ያስፈልጋል። ራሱን የሳተን ሰው ውሃ ማጠጣት አይገባም፤ ትን ሊለው ይችላል። መኪና እስኪመጣ ድረስ ማቀዝቀዙ መቋረጥ የለበትም፤ ወደ ሐኪም ቤት ሲወሰድም በመንገድ ላይ ይቀጥል።